ለቤት ውስጥ የመኪና አካል ጥገና የሚስማማ የሚግ ብየዳ መሣሪያ አመራረጥ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዕድሜያቸው ከነጂዎቻቸው ዕድሜ የሚበልጥ መኪናዎች ሲመላለሱ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ቮልሱ፣ ላዳው፣ ፔዦ 404ና የድሮው ቶዮታ ኮሮላ ሞተራቸው ሁለትና ሦስት ጊዜ ታድሶ፣ ቀለማቸው ተለዋውጦ ዛሬም ቤተሰብ ያገለግላሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ የጣለ በመሆኑ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ለብዙ ባለ መኪና የቁጠባ ጉዳይ ከመሆን አልፎ የግድ ሆኗል።

ሞተር ሲደክም ይታደሳል፤ ማርሽ ሲሰበር ይለወጣል። የመኪናን ዕድሜ በመጨረሻ የሚቆርጠው ግን ዝገት ነው። የዛገ ላሜራ በስቱኮ ተሸፍኖ ቀለም ቢቀባ ከጥቂት ክረምት በኋላ ያው ቀዳዳ ሰፍቶ ብቅ ይላል። ትክክለኛው መድኃኒት የዛገውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጦ መጣልና በአዲስ ላሜራ መተካት ነው። ይህን ሥራ በትርፍ ጊዜያቸው በግቢያቸው ውስጥ ለማከናወን የሚያስቡ የሙያ ባልደረቦች ሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «የትኛውን የብየዳ መሣሪያ ልግዛ?» የሚለው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥበትን መንገድ ማመልከት ነው።

ሀ. በአንድ ግቢ ውስጥ የደረሰ ነገር

አንድ መሐንዲስ ከአባቱ የወረሳትን ቮልስ በራሱ እጅ ሊያድስ ተነሣ። ከመኪናይቱ በሮች ሥር በግራና በቀኝ የሚሄዱት ሣጥን መሰል ብረቶች በዝገት ተበልተው ነበር። እነዚህ ብረቶች በቮልስ ላይ ከሞተሩ በኩል የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚያስተላልፉ ቦዮች ናቸው፤ ከዚያም በላይ አካሏን የሚያጸኑ አግዳሚ ምሰሶዎች ናቸው። እነርሱ ከላሉ መኪናዋ ከመሐል ትሰግዳለች፤ በግጭት ጊዜም ተሳፋሪውን የሚመክት ነገር አይኖርም።

መሐንዲሱ መሣሪያ ሊገዛ በሄደ ጊዜ በመደብሩ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ትልቁን ቁጥር የያዘውን፣ ማለትም 250 አምፔር የሚሰጠውን መረጠ። አሳቡም ኃይል ቢተርፍ እንጂ ቢጎድል አይበጅም የሚል ነበር። በመጀመሪያው ምሽት አርኩ እንደተነሣ ላሜራው ተበሳ። ቀዳዳውን ልሙላ ሲል ቀዳዳው ሰፋ። መሣሪያውን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ እርከን ቢያወርደውም ለውጥ አልመጣም፤ ሲመሽም አዲሱ ላሜራ ከአሮጌው ብሶ ወንፊት መሰለ።

በሰፈሩ አርባ ዓመት ያህል በባትላሜራነት የኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩና በማግሥቱ ተጠርተው መጡ። ሥራውን ጎንበስ ብለው አይተው ዝም አሉ።

«ጋሼ፣ መሣሪያው እኮ 250 አምፔር ይሰጣል፤ ምን ጎደለው?» አላቸው።

«ልጄ፣ ትልቁን አልጠየቅሁህም» አሉት፤ «ትንሹ ስንት ነው?»

መሐንዲሱ መልስ አልነበረውም። በመሣሪያው ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያነበበው ያን ጊዜ ነው፤ ትንሹ 50 አምፔር ነበር።

የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር በሽማግሌው ጥያቄ ውስጥ ተጠቃሏል ቢባል ስሕተት አይሆንም። የሚቀረው ምክንያቱን መዘርዘር ነው።

ለ. የሚግ ብየዳ ባሕርይ

በሚግ ብየዳ ጊዜ ከጥቅል የሚፈታ ቀጭን የብረት ሽቦ በሞተር እየተገፋ በቶርቹ አፍ በኩል ይወጣል። ሽቦው በአንድ በኩል የኤሌክትሪክ ከረንቱ ማስተላለፊያ ሲሆን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ቀልጦ መጋጠሚያውን የሚሞላ ብረት ነው። በዙሪያው የሚፈስሰው ጋዝ የቀለጠው ብረት ከአየር ጋር እንዳይገናኝ ይከላከላል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ በባቴል የምርምር ተቋም ሲፈለሰፍ የሚጠቀመው ዋጋው ውድ በሆነ ጋዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ሊዩባቭስኪና ኖቮዢሎቭ የተባሉ የሶቪየት ተመራማሪዎች ርካሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለብረት ብየዳ እንደሚያገለግል አሳዩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በቀጭን ሽቦና በዝቅተኛ ቮልቴጅ መበየድ ስለተቻለ ቀጭን ላሜራ ለዚህ ዘዴ ተገዛ።

በዚህ ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሽቦው ጫፍ በሴኮንድ ከ20 እስከ 200 ጊዜ ያህል ላሜራውን እየነካ፣ በየንክኪው አንድ ጠብታ እየጣለ ይሄዳል። በትክክል የተስተካከለ መሣሪያ ጥብስ በምጣድ ላይ ሲንጣጣ የሚሰማውን የመሰለ ያልተቋረጠ ድምፅ ይሰጣል። በጠብታዎቹ መካከል አርኩ ስለሚጠፋ ብረቱ ፋታ ያገኛል። የኦክሲጂንና የአሴቲሊን ነበልባል ግን ላሜራውን በሰፊው ስለሚያሞቀው ያጣምመዋል፤ የተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳም በቀጭን ላሜራ ላይ ቶሎ ይበሳል። ነባሮቹ ባትላሜራዎች በነበልባል የሚያምር ሥራ መሥራታቸው የእጃቸው ጥበብ ነው፤ ያን እጅ ለማግኘት ግን የትርፍ ጊዜ ሠራተኛ የሌለው ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ሐ. ዝቅተኛው ከረንት

የመኪና የውጭ ላሜራ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 0.9 ሚሊሜትር ነው። በያጆች በልምድ የሚከተሉት መመሪያ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ወደ 40 አምፔር ያህል ይበቃል የሚል ነው። በዚህ ስሌት 0.8 ሚሊሜትር ላሜራ የሚፈልገው 32 አምፔር ገደማ ነው። የዛገውን ቆርጦ ሲደርስበት ጤነኛ የሚመስለው አሮጌ ብረት ደግሞ ከውስጥ በኩል ሳስቶ 0.6 ሚሊሜትር ሊቀረው ይችላል። ስለዚህ ለመኪና አካል የሚገዛ መሣሪያ በ25 ወይም በ30 አምፔር የረጋ አርክ መስጠት አለበት። ከ50 አምፔር የሚጀምር መሣሪያ፣ ላዩ 150 ቢሆን ወይም 250፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከላይ በኩል ያለው ፍላጎት ግን ትንሽ ነው። ከሥር ያሉት ማጠናከሪያዎችና የወንበር መያዣዎች ውፍረታቸው ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 2 ሚሊሜትር ስለሆነ 80 ወይም 90 አምፔር ይበቃቸዋል። 130 ወይም 150 አምፔር የሚደርስ መሣሪያ ለአንድ ግቢ ከበቂ በላይ ነው።

ነገር ግን በሰሌዳው ላይ 30 አምፔር የተጻፈለት ሁሉ በ30 አምፔር ይሠራል ማለት አይደለም። በዝቅተኛው መጠን አርካቸው የሚቆራረጥና ሽቦው ሳይቀልጥ ላሜራውን የሚገፋ መሣሪያዎች አሉ። ስለሆነም ገዢው 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸውን ሁለት ቁራጭ ላሜራዎች ይዞ ሄዶ በፊቱ እንዲበየዱለት ቢጠይቅ አያፍርበትም። ሻጩ ለሙከራ ፈቃደኛ ካልሆነ ያም ራሱ መልስ ነው።

መ. ሽቦና ጋዝ

ለመኪና አካል ተመራጩ ሽቦ 0.6 ሚሊሜትር ነው። የ0.8 ሚሊሜትር ሽቦ በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ጥቂት ይምሰል እንጂ የቁርጡ ስፋት ከ0.6ቱ በ78 ከመቶ ይበልጣል፤ ለማቅለጥም የዚያኑ ያህል ተጨማሪ ሙቀት ይሻል። የሚገዛው መሣሪያ ለሁለቱም የሚሆን መንኮራኩር እንዳለው ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ገበያ ላይ «ጋዝ የማይፈልግ» እየተባለ የሚሸጠው መሣሪያ በውስጡ ዱቄት የያዘ ሽቦ ይጠቀማል። ዱቄቱ ሲቃጠል የራሱን ጋዝና ቅርፊት ስለሚሠራ ነፋስ ባለበት ሜዳ ለወፍራም ብረት ጥሩ ነው። በቀጭን ላሜራ ላይ ግን ፍንጣሪው ይበዛል፤ ቅርፊቱም በየነጥቡ መጠረግ አለበት። ስለዚህ በጋዝ ሊሠራ የማይችል መሣሪያ መግዛት አይመከርም። ሁለቱንም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የሽቦውን ዋልታ ማገለባበጥ የሚቻል መሆን አለበት፤ በጋዝ የሚሠራው ሽቦ ከፖዘቲቭ፣ ዱቄት ያለው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከኔጋቲቭ ጋር ይያያዛልና።

ከጋዞች መካከል ለቀጭን ላሜራ የሚመረጠው ከ5 እስከ 12 ከመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት አርጎን ነው፤ አርኩ ለስላሳ፣ ፍንጣሪው ጥቂት ይሆናል። ይህ ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካልተቻለ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያገለግላል፤ ፍንጣሪው ቢጨምርና ወደ ውስጥ ጠልቆ የማቅለጥ ኃይሉ ቢበረታም ሥራው ይሠራል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈሳሽ ስለሆነ የቀረው መጠን በግፊት መለኪያ አይታወቅም፤ በሚዛን እንጂ። 1 ኪሎ ግራም ፈሳሽ 540 ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። በደቂቃ 10 ሊትር ቢፈስስ ለ54 ደቂቃ ያልተቋረጠ አርክ ይበቃል፤ ይህም በነጥብ በነጥብ ለሚሠራ ሰው የብዙ ቀን ሥራ ነው። በክፍት ግቢ ነፋሱን በሸራ መከለል ግን የግድ ነው፤ ጋዙ ከተወሰደ ብየዳው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ያወጣል።

ሠ. የቤቱ ኤሌክትሪክና የአዲስ አበባ ከፍታ

የቤት መስመር 220 ቮልት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ብየዳ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የአርክ ቮልቴጅ ስሌት 14 ሲደመር 0.05 በከረንቱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ በ40 አምፔር 16 ቮልት፣ ማለትም 640 ዋት፤ በ150 አምፔር 21.5 ቮልት፣ ማለትም 3,225 ዋት ይሆናል። የመሣሪያው ብቃት 75 ከመቶ ቢሆን የመጀመሪያው ከመስመሩ 4 አምፔር ገደማ፣ ሁለተኛው ግን 20 አምፔር ያህል ይስባል፤ የኃይል መጠኑ ደካማ በሆነ መሣሪያ ላይ ደግሞ ከዚህም ያልፋል። እንግዲህ ላሜራ መበየድ ለቤት መስመር ምንም ሸክም የለውም፤ ቫልቮላ የሚያቃጥለው አላስፈላጊው ትልቅ ቁጥር ነው።

የሚያሳስበው የማራዘሚያ ገመዱ ነው። ርዝመቱ 50 ሜትር፣ የሽቦው ስፋት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ገመድ 16 አምፔር ሲያልፍበት ብቻውን 19 ቮልት ያህል ይበላል። በምሽት የሰፈሩ ቮልቴጅ ወርዶ ሳለ ይህ ሲጨመርበት በትራንስፎርመር የሚሠራ መሣሪያ አርኩን መያዝ ያቅተዋል። የኢንቨርተር መሣሪያዎች የመስመሩን መዋዠቅ በተወሰነ ደረጃ ያካክሳሉ፤ ቀላሎች ናቸው፤ ከረንታቸውም በእርከን ሳይሆን በዝግታ ይስተካከላል። በአንጻሩ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ቮልቴጅ የኤሌክትሮኒክስ ክፍላቸውን ሊጎዳ ይችላል። ትራንስፎርመሩ ከባድና ባለ እርከን ቢሆንም ይችላል፤ ለጥገናም አያስቸግርም። ኢንቨርተር የገዛ ሰው ሥራ ሲያበቃና መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል ልማድ ሊያደርገው ይገባል።

በሰሌዳው ላይ ያለው የሥራ ጊዜ መጠን የሚለካው በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው። «በ120 አምፔር 20 ከመቶ» ቢል 2 ደቂቃ በይዶ 8 ደቂቃ ማረፍ ማለት ነው። ሙቀቱ ከከረንቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ያው መሣሪያ በ60 አምፔር ወደ 80 ከመቶ ይደርሳል፤ በ40 አምፔር ያለ ዕረፍት ሊሠራ ይችላል። ይሁን እንጂ እነዚህ ቁጥሮች የሚሰጡት ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ እፍጋት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የማቀዝቀዝ አቅሙም የዚያኑ ያህል ይቀንሳል። ሰሌዳው የተዘጋጀው ለ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት መሆኑና የከተማይቱ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። ቢሆንም በከፍተኛው ከረንት የሚሠራ ሰው ከተጻፈው በላይ ዕረፍት ይስጠው።

ረ. የማይታዩት ክፍሎች

ብዙ ሰው መሣሪያውን በቀለሙና በክብደቱ ሲመዝን ዋናውን ክፍል ሳይከፍተው ይቀራል። የመሣሪያው ልብ ሽቦ መግፊያው ነው። ሽቦው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ካልወጣ ከረንቱ ይዋዥቃል። ስለዚህ መክደኛውን ከፍቶ መግፊያው ከፕላስቲክ ወይስ ከብረት እንደተሠራ፣ የመንኮራኩሩም ጎድጎዳ ለ0.6 ሽቦ የተበጀ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ቶርቹ ተነቅሎ የሚለወጥ ቢሆን ይመረጣል፤ አንድ ቀን የውስጥ ቱቦው መታፈኑ ወይም ገመዱ መቆረጡ አይቀርምና። 5 ኪሎ ግራም ጥቅል የሚይዝ መሣሪያ ከትንሹ ጥቅል ይልቅ ሽቦውን በርካሽ ያስገኛል። በመጨረሻም የቶርቹ ምላጭ ካልተሳበ በስተቀር ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ መኖር የለበትም። ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ቶርች በመኪና ሥር ለተኛ ሰው አደገኛ ነው፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ መተው ይገባል።

ሰ. አደጋና ኃላፊነት

ለመሣሪያው ከተመደበው ገንዘብ ጥቂቱ ለፊት መከላከያ፣ ለቆዳ ጓንትና ለእሳት ማጥፊያ ሊቀነስ ይገባል። ለዚህ ሥራ ከ9 እስከ 11 ቁጥር ጥቁረት ያለው መስታወት ይበቃል። ከመበየድ በፊት የባትሪው ገመዶች ይነቀላሉ፤ የማሳው መቆንጠጫ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ በተፋቀ ብረት ላይ ይያያዛል። በቮልስ ላይ የነዳጁ ታንክ ከፊት፣ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ሁለቱም ወንበሩም መውጣት አለባቸው። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ቀለሙና ዚንኩ ካልተፋቀ ጢሱ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያስከትላል። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ የተጠረገ ብረትን መበየድ ፎስጂን የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ሊፈጥር ይችላልና ፈጽሞ አይደረግም። ሥራው ካበቃ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከመኪናው አጠገብ አለመራቅ ብልኅነት ነው፤ ምንጣፍ ውስጥ የገባች ፍንጣሪ ቀስ ብላ ነው የምትነሣው።

ከዚህ የሚበልጥ ኃላፊነት አለ። ለዓመታዊ ምርመራ የቀረበን መኪና ቦሎ የሚሰጠው መርማሪ ከስቱኮና ከቀለም በታች ያለውን ብየዳ አያየውም። ላዩ ያማረ፣ ውስጡ ግን ያልተያያዘ ብየዳ የሚፈተነው በግጭት ቀን ነው። ስለዚህ በያጁ አስቀድሞ ራሱን መፈተን አለበት። በአንዱ ላሜራ ላይ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ በስቶ፣ ከሌላው ላሜራ ጋር ደርቦ፣ ቀዳዳውን በብየዳ ሞልቶ፣ ሲቀዘቅዝ በመሮና በመዶሻ ያላቅቀው። ብየዳው ከሥሩ ላሜራ ላይ እንደ ቁልፍ ተነቅሎ ከተነሣ አልተያያዘም ማለት ነው፤ ላሜራው ራሱ ተቀዶ ከብየዳው ጋር ከመጣ ግን ሥራው የታመነ ነው። በአዳዲስ መኪናዎች ምሰሶዎች ውስጥ ያለው እጅግ ጠንካራ ብረት ደግሞ በሙቀት ጥንካሬውን ስለሚያጣ በቤት ውስጥ መበየድ የለበትም።

ሸ. ማጠቃለያ

ባጭሩ፣ ገዢው በዚህ ቅደም ተከተል ይጠይቅ፦ ዝቅተኛው ከረንት ስንት ነው? በዚያ መጠን አርኩ ይረጋል? 0.6 ሽቦና ጋዝ ይቀበላል? መግፊያው ጠንካራ ነው? ቶርቹ ይለወጣል? የቤቱ መስመር ይችለዋል? ትልቁ ቁጥር የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መሐንዲሱ 250 አምፔሩን መሣሪያ በኪሳራ ሸጦ ከ25 አምፔር የሚጀምር ትንሽ መሣሪያ ገዛ። ሁለት ሳምንት መኪናዋን ሳይነካ በቁራጭ ላሜራ ላይ ብቻ ሠራ። ሽማግሌው በየምሽቱ እየመጡ የበየደውን በመሮ ያላቅቁ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉም እንደ ቁልፍ እየተነቀለ ወደቀ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ አንዱን መትተው ቢያዩት ላሜራው ተቀደደ እንጂ ብየዳው አልለቀቀም። ደግመው ሌላውን መቱ፤ እርሱም እንዲሁ ሆነ። መሮውን አስቀምጠው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣

«አሁን ወደ መኪናዋ ሂድ» አሉት፤ «ልጆችህን የምትጭንባት እርሷ ናት።»